ስልሳ ኪሎ

ኮልዌዚ ላይ ንጋት፣ ቀይ ነው እንደ ሸክላ፤
አቧራው ይነሣል፣ ከሰው ተረከዝ ኋላ።
ሌሊቱን በጕድጓድ፣ ሲቆፍር ያደረ፣
ጆንያውን አዝሎ፣ ወደ ሚዛን ዞረ።
እኔም አንዱ ነበርኩ፤ ኢሉንጋ ነው ስሜ፣
ድንጋይ የለወጥኩ፣ በዕድሜ በደሜ።

ከሚዛኑ አጠገብ፣ በሟች ባሏ ጫማ፣
ካፒንጋ ነበረች፣ ደብተር ይዛ ቆማ።
ሃምሳ የነበረው፣ አርባ እየተባለ፣
ዐሥሩ የት ገባ የሚል፣ አንድ ሰው የታለ?
ለፓትሮኑ ድርሻ፣ ለአዛዡም ድርሻ፣
ማኅተም ላለው ሁሉ፣ ለእጁ ማሟሻ።
ለሰበካው ደወል፣ ለቆርቆሮው ጣራ፣
ከዚያው ዐሥር ኪሎ፣ ይቆረሳል ተራ።
እሑድ ደወሉ ሲጮኽ፣ እናማትባለን፤
የገዛ ላባችን፣ ከላይ ሲጠራን።

አንድ ማክሰኞ ግን፣ ካፒንጋ ብዕሯን
ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ዘግታ ደብተሯን፣
ያን የባሏን ጫማ፣ ፈትታ አስቀመጠች፤
በባዶ እግሯ ሄዳ፣ ሚዛኑ ላይ ወጣች።

መርፌው ተንቀጥቅጦ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ፤
አርባ ስምንት አለ፤ እዚያው ላይ ታተመ።
ከጉያዋ አወጣች፣ የክሊኒክ ካርድ፤
ስልሳ ኪሎ ይላል፣ የነርሷ እጅ ሲፈርድ።
«ትናንት ስልሳ ነበርኩ፤ ሌሊት ማን ገባብኝ?
ዐሥራ ሁለት ኪሎ፣ ማን ቆርሶ በላብኝ?»

ፓትሮኑ በስንጥር፣ ጥርሱን ጎረጎረ።
«ጾም ነው» አለ፣ «ጾም ነው፤ ስንቱን አሳጠረ!»
ሣቅን።
እኔም ሣቅሁ። ልጄ ታሞብኝ ነበር፤
ሰው ሲፈራም ይሥቃል።

በሦስተኛው ቀን ላይ፣ አንድ ወረቀት መጣ፤
«ሁለት ጆንያ ሰርቃ፣ በጓሮ ስታወጣ
አይቻለሁ» የሚል። ከሥሩ ባዶ ቦታ፣
አውራ ጣት የሚያህል።
አዛዡ ቀለሙን፣ ቀስ አድርጎ ከፈተው፤
ሃያ ሺህ ፍራንኩን፣ ከጎኑ ጎለተው።
የወባው መድኃኒት፣ ዐሥራ ስምንት ሺህ ነው።
ስሌት እኔም አውቃለሁ።
ጣቴን አጠቀስኩት።

ዘጠኝ ቀን ታሰረች።
በአምስተኛው ሌሊት፣ እንቅልፍ ነሥቶኝ ሄጄ፣
ከእስር ቤቱ ግንብ ሥር፣ ቆምኩኝ ተከናንቤ።
ትረግመኝ መስሎኝ ነበር፤ እርግማን ብሰማ
ደስ ባለኝ፤ ዕዳዬን በከፈልኩ በጨለማ።
እሷ ግን ስማችንን፣ እንደ ደብተሯ ተራ፣
በሚዛኑ ፊት ያለፍነውን፣ አንድ ሳታስቀር ስትጠራ፣
ለእያንዳንዱ «ጌታ ሆይ» እያለች፣ እየጠበቀች፣
መልስ እንደሚሰማ ሰው፣ ጥቂት ዝም እያለች፦
«ካሶንጎ። ሙቶምቦ። ኢሉንጋ፤ ልጁም ንኩሉ፣
ትኩሳት ላይ ያለው።»
ጕልበቴ ከዳኝ።

በእሑዱ የሰበካው አባት፣ ስለ መታዘዝ አስተማሩ።
ካፒንጋ ከሁሉ ኋላ፣ ከቀድሞ ቦታዋ ተቀምጣ ነበር፤
ባዶ እግሯን። ጫማው እዚያው ቀርቷል፣
የዘበኛ እግር ውስጥ።
ሰው ሁሉ ከአጠገቧ፣ አንድ ክንድ ሸሸ፤
እሷ ቁርባኗን ተቀብላ፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

አሁን ገበያ ዳር፣ የበቆሎ ዱቄት ትሰፍራለች በጣሳ።
ጀንበር ካዘቀዘቀች፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ሄድኩ።
ሞላችው። ጣሳውን መታ መታ አድርጋ፣
ዱቄቱ ሲሰምጥ ደግማ ጨመረች፣
እስኪቆለል፣ እስኪፈስ፣
የሷ ድርሻ ሳይቀር ወደ እኔ እስኪወርድ።

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ «እኔ ነኝ የፈረምኩ።»
«አውቃለሁ፤ መዶሻው የሰነጠቀው ጣትህ፣
ጠባሳው ወረቀቱ ላይ ወጥቷል» አለች።
ከዚያ ፌስታሉን አስራ፣ ቀና ብላ፦
«ንኩሉስ? ተሻለው?»

ሚዛኑ ዛሬም፣ ሃምሳውን አርባ ይላል።
ደወሉም ይጮኻል።
እኔ ግን በዚያ ምሽት፣
ሰማንያ ኪሎ ከጕድጓድ ያወጣ ትከሻዬ፣
ሁለት ኪሎ ዱቄት ከብዶት፣
ቤቴ እስክደርስ ድረስ፣ ሦስቴ መሬት አሳረፍኩት።